የጎማው ዕድሜ በማን አቆጣጠር?

(ደብረ ብርሃን፣ አስካለ ጎማ ቤት ደጃፍ፤ ጡረተኛው ዳኛ ወንድይፍራው በላስቲክ ጠቅልለው ያመጧቸው አራት ጎማዎች መሬት ላይ ተጋድመዋል፣ መኪናቸው በክሪክ ተነሥታለች።)

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ ልመን። ጎኑ ላይ የተቀረጸውን አሥራ ሁለት ቁጥር የሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ምርት ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት፤ በእኛ አቆጣጠር። በዚያው ዓመት ስለገዛኋቸው ከፋብሪካ በቀጥታ እኔ ቤት የገቡ መሰለኝ።

አስካለ፦ ፋብሪካውም እንቁጣጣሽን ከእኛ ጋር የሚያከብር መስሎዎት?

ወንድይፍራው፦ ሻጩ «የዘንድሮ ነው» ሲለኝ ቁጥሩ መሰከረለት።

አስካለ፦ ሠላሳ ዓመት ችሎት ተቀምጠው፣ ምስክሩ ከየት አገር እንደመጣ አልጠየቁም? ቁጥሩ በፈረንጅ ነው፣ ጋሼ። እነዚህ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷቸዋል።

ወንድይፍራው፦ አምስቱን ዓመት ያሳለፉት እኔ አልጋ ሥር ነው። ፀሐይ አላያቸውም፣ ጠጠር አልነካቸውም። ጥርሳቸውን ተመልከቺ፤ እንኳን ሊያልቅ፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ፀጉር አልረገፈም።

አስካለ፦ ጥርሱስ ያምራል። አሁን ጎኑን አጥፌ ልየው። ይህ ስንጥቅ ሁሉ ምንድን ነው?

ወንድይፍራው፦ የላስቲኩ እጥፋት ያሳረፈው ምልክት ይሆናል።

አስካለ፦ ጠበቃ ቢሆኑ ኖሮ ስንቱን ነፃ ባወጡ። ጎማ ቆሞም ይደርቃል። እኔ አልገጥመውም።

ወንድይፍራው፦ ማዶ ያለው ጎሚስታ ያለ ክርክር ይገጥምልኛል።

አስካለ፦ ይገጥማል፤ መርቆም ይሸኝዎታል። ለመሆኑ እንዲህ ተሰስተው የኖሩት ዛሬ ለማን ብለው ወጡ?

ወንድይፍራው፦ ለልጄ ለማርታ። ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ተመድባ ነገ ጠዋት ይህችን መኪና ይዛ ትወርዳለች። የአባት ስጦታ መሆኑ ነው።

አስካለ፦ መጀመሪያ የጣርማ በር ቁልቁለት፣ ከዚያ የቆላው ሙቀት። ግሩም ስጦታ ነው። እርስዎም አብረዋት ይወርዳሉ?

ወንድይፍራው፦ እኔ በአውቶቡስ እከተላታለሁ።

አስካለ፦ ለምን በአውቶቡስ?

ወንድይፍራው፦ ዕቃው በዛ። ፍራሽ አለ፣ ምድጃ አለ፣ የመጻሕፍት ካርቶን አለ።

አስካለ፦ ፍራሹ ከእርስዎ ይልቅ በጎማው ይተማመናል ማለት ነው።

ወንድይፍራው፦ …ትናንት ላስቲኩን ስፈታ መዳፌ ላይ ጥቁር ዱቄት ቀረ። እጄን ታጥቤ ዝም አልኩ።

አስካለ፦ ለማርታ ነገሯት?

ወንድይፍራው፦ ለራሴም ገና አሁን መንገሬ ነው።

አስካለ፦ እንግዲያው ይህን ይመልከቱ። ልኩ የእርስዎው ነው፣ ጎኑም ለሙቀት ይበረታል።

ወንድይፍራው፦ ሃያ አራት ይላል። በማን አቆጣጠር?

አስካለ፦ በፈረንጅ። የእኛ ሃያ አራት እስኪደርስ ሰባት ዓመት ይቀራል፤ ልጠብቅ ካሉ አልጋዎ ሥር አሁን ቦታ ተገኝቷል።

ወንድይፍራው፦ አራት አውርጂ።

አስካለ፦ ያመጧቸውስ? እዚህ ከተዉአቸው የማዶው ሰው ዛሬውኑ ይወስዳቸዋል። በጥቁር ቀለም ወልውሎ ለሌላ አባት ይሸጣቸዋል።

ወንድይፍራው፦ ያንን ቢላ አቀብዪኝ።

አስካለ፦ ኧረ ጋሼ፣ እጅዎን እንዳይቆርጡ። እኔ ልያዝልዎ።

ወንድይፍራው፦ ተይኝ። በገዛሁበት እጄ ይሁን።

አስካለ፦ አንዱን መቅደድ ይበቃ ነበር እኮ፤ ሦስቱን ማን ለብቻ ይገዛል?

ወንድይፍራው፦ የአራቱንም ጎን ቀድጃለሁ። አዲሶቹን ግጠሚ።