ጋቢናው ለባልዲው

ኧረ ለምን ተቸገሩ ወንድሜ! ገና ዛሬ ለገባ ጎረቤት ወንበር ተሸክሞ ደረጃ መውረድ... ሰው ማለት እንዲህ ነው። ይባርክዎት። እኛ ቤት ወንበር ጠፍቶ እኮ አይደለም፤ ወንበሮቹ ላይ ባልዲ ተቀምጦባቸው ነው።

ሰፈሩ መቼም ደስ ይላል። ነፋሻ ነው። ውሃም አይጠፋም አሉ። ለእኛ እንኳ ጠፋ አልጠፋ... እኛ ውሃችንን ይዘን ነው የመጣነው።

አማቼ ወጥቶ ሰላም ስላላለዎት ቅር አይበልዎት። ያውልዎት፣ ጫፍ ላይ ያለው ክፍል ውስጥ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ተንበርክኮ ዓሦቹን የሚያኖርበትን የመስታወት ሣጥን እያስተካከለ። ጨዋ ልጅ ነው። እጁ ረጥቦበት ነው እንጂ... ስለ እሱ ከአፌ ክፉ አይወጣም። አሁን የማጫውትዎት ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ስለ አንድ ስለማውቀው ሰው። የሚስቱ አባት አብሮት ይኖራል፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር። አዎ፣ እንደ እኔ። ሾፌር ሞልቷል፣ ምን ይደረግ?

ያ ሰው ታዲያ አዛኝ ነው። እንዴት ያለ አዛኝ መሰለዎት! ቴሌቪዥን የምታክል አኳሪየም አለችው፣ የባሕር ውሃ የሞላች። ሁለት ብርቱካናማ ዓሦችና አንድ ሽሪምፕ የሚሉት ባለብዙ እግር ፍጥረት ይኖሩባታል። ሽሪምፑን አይቼው አላውቅም፤ ውሎ አዳሩ ድንጋይ ሥር ነው። የራሱ ድንጋይ አለው ማለት ነው። ታድሎ!

ቤት ሊቀይሩ ሆነ። ዓሦቹ እንዳይደነግጡ አስቀድሞ ተዘጋጀላቸው፤ ምግባቸው ቀነስ፣ መብራታቸው ደብዘዝ ተደረገ። ሽማግሌውስ? ሽማግሌው ቤት መቀየሩን የሰማው ጭነት መኪናው በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ነው። ምን ክፋት አለው? ሾፌር የነበረ ሰው ጥሩምባ ሰምቶ ይደነግጣል እንዴ?

“ቁልፉን አምጡ፣ እኔ ልንዳው” አለ። ዕድሜ ልኩን እርጉዝ ጭኖ፣ አራስ ጭኖ፣ እንቁላል በቅርጫት የያዘች ነጋዴ ጭኖ፣ አንድ ቀን እንኳ “ኧረ ቀስ!” ያለው ተሳፋሪ የለም። ያ ሰው ግን በትሕትና፣ ጎንበስ ብሎ፣ “አባባ፣ እርስዎ ይረፉ” አለው። መከባበሩን አዩልኝ? ለሚስቱ ደግሞ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ “ፍሬን አያያዛቸው ውሃውን ይደፋዋል” አላት። በሹክሹክታ ነው ያለው፤ የሽማግሌ ጆሮ ይሠራል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

ጋቢና ማን ገባ ታዲያ? ዓሦቹ! ባልዲያቸው ተከድኖ፣ በቀበቶ ታስሮ፣ ከላዩ ደግሞ የሽማግሌው ብርድ ልብስ ተደርቦለት፤ ብርድ እንዳይመታቸው። ሽማግሌው ከኋላ፣ ከፍራሹ ጋር፣ ሌላ ባልዲ በጉልበቱ መሀል ይዞ ተጫነ። ያ ባልዲ እኮ ውሃ ብቻ ነው፤ ዓሣ እንኳ የለበትም! ግን የለመዱት ውሃ ነው፤ ከተደፋ ይታመማሉ ተባለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምተዋል አይደል? እኛን... እነሱን ማለቴ ነው... ውሃው አልወሰዳቸውም፤ እነሱ ናቸው ውሃውን የወሰዱት፣ ያውም አንዱ እያለቀሰ። ባለመኪናው ፍሬን ሲይዝ... ይተዉት፣ የሙያ ባልደረባ አላማም። ውሃው ግን በየኩርባው ታፋዬ ላይ... ታፋው ላይ ይገለበጣል። ያ ሰው በጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ “ደህና ነው?” ብሎ ጮኸ። እንዴት ደስ ይላል የሚጠይቅ ሰው! ሽማግሌው “ደህና ነኝ ልጄ!” አለ። ለካ የጠየቀው ውሃውን ኖሯል።

ደረሱ። ዓሣ ደግሞ አዲስ ቤት ዘው ብሎ አይገባም፣ ይኼን ያውቁ ነበር? አዲሱ ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ... ጠብ... ጠብ እያለ ባልዲው ላይ ይጨመርለታል፣ ቀስ ብሎ እንዲለምደው። ያ ሰው አጠገባቸው ተንበርክኮ “አይዟችሁ፣ ትለምዱታላችሁ” ይላቸዋል። እኔ በበኩሌ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሽማግሌውንም አልረሳውም፤ “አባባ፣ ቱቦውን እንዳይረግጡት፣ እዚያ ጋ ይቁሙ” አለው። ቆመ። አንድ ደግ ጎረቤት ወንበር እስኪያመጣለት ድረስ ቆመ።

እዚያ ቤት አንዲት ክፍል አለች። ነፋስ አይገባባትም፣ ፀሐይ አያቃጥላትም፣ የመንገድ ጫጫታ አይሰማባትም፣ ወለሏ ጠንካራ፣ ሶኬቷ ቅርብ። የሽማግሌው ልጅ ገና ቤቱን ስታይ “ይቺ የአባባ ናት” ብላለች። አልጋውም ገብቶ ነበር እኮ! ያ ሰው ገባ፣ ወለሉን ረገጥ ረገጥ አደረገ፣ ግድግዳውን ዳሰሰ... አልጋው ወጣ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ይኼኛው ያወጣው አልጋ ነው፣ ከነባለቤቱ። ለዚያውም ለሽማግሌው አስቦ! “አባባ፣ ሳሎን ይሻልዎታል፤ ሰው ሲወጣ ሲገባ እያዩ አይሰለችዎትም” አለው። እውነቱን ነው። በር ሥር የሚተኛ ሰው በምን ይሰለቻል? አውቶቡስ ላይ በሩን የሚጠብቀው ረዳቱ ነበር፤ ሾፌሩ በስተርጅና ረዳት ሆነ እንግዲህ፣ እንኳን ደስ ያለው ይበሉት። እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ ዓሣ ደግሞ እግር ሳይኖረው ክፍል ይይዛል።

ልጁስ ምን አለች ይሉኝ ይሆናል። ፈገግ አለች፣ ከዚያ ዓይኗን ከእኔ... ከአባቷ አሸሸች። እሱ ነው የከነከነው። ሽማግሌው ቤተ መንግሥት አልጠየቀም፤ ጥርሱን አውልቆ የሚተኛበት አንድ የሚዘጋ በር ነበር የፈለገው። አሁን የሰው ልጅ ሁሉ እያየው በባዶ ድዱ ሊተኛ ነው። ያሳፍራል ወንድሜ፣ በጣም ያሳፍራል።

ምን አልክ ልጄ? ...ኧረ አንተን አይደለም! ከጎረቤታችን ጋር ስለ ሰፈሩ አየር እየተጫወትን ነው። ...እሺ። እሺ፣ እንቀንሳለን።

ሰሙልኝ? ድምፃችን ዓሦቹን ይረብሻቸዋል አለ። ገና አልተረጋጉም አሉ፣ እኔን ይረብሸኝ! ጠጋ ይበሉና በሹክሹክታ እንጨርሰው።

እኔ ለማንም ክፉ አልመኝም። የሽማግሌ አፍ ለምርቃት ነው፣ እርስዎም እየተከተሉ አሜን ይበሉ። ያንን የማውቀውን ሰው ፈጣሪ ሴት ልጅ ይስጠው፣ መልክ ከጠባይ ጋር። ለእሷም ትዳር ይስጣት፤ ባሏ ልክ እንደ አባቷ አዛኝ፣ እንደ አባቷ ትሑት ይሁን። እንስሳ መውደዱ ከአባቷም ይብለጥ፤ ዓሣ ነባሪ የሚያሳድግ ይሁን። ያ ሰው ዕድሜው ይርዘም፣ ጆሮውም አይድከም፣ ጡረታውንም በልጁ ቤት በክብር ይብላ። ሳሎን አያሳጣው።