ያልተቆረጠው ማኅሌት

ከደብረ ወርቅ ወደ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንድ ቄስ አጠገባቸው ለተቀመጠች የኮምፒውተር መምህርት ፍላሽ ያሳያሉ።

«መምህሬ የኔታ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ማኅሌት ናፍቋቸዋል። ቀረጽንላቸው፤ ይኸ ግን አልቀበልም አለ።»

«ሞልቶ ይሆናላ፣ አባ።»

«ባዶ ነው፣ ልጄ! ሠላሳ ሁለት ጊጋ ብለው ነው የሸጡልኝ።»

«ቪዲዮውስ?»

«ስድስት ጊጋ። በካሜራው ካርድ አለ፣ ይኸው።»

«አወቅሁት! የፍላሹ ፎርማት ከአራት ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።»

«ባለሱቁማ ለሁለት ልቁረጠው አለኝ። ማኅሌት ተጀምሮ ይቋረጣል እንዴ?»

«አይቆረጥም፣ አባ። ፎርማቱን ስቀይረው ሙሉውን ይይዛል።»

«የየኔታ ቴሌቪዥን አዲሱን ፎርማት እንቢ ቢልስ?»

«ላፕቶፔን ይዤ አብሬዎት እመጣለሁ።»

«ማኅሌቱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል እኮ! የኔታ ሳያልቅ አያስወጡሽም።»

«ይሁና!»

እኔም፣ ከአገሬ ስወጣ እናቴ ስትመርቀኝ ድምፅዋን የቀዳሁበትን ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሁለት እጄ ያዝኩት።