የፍሬኑ እግር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እሁድ ረፋድ፦ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌሩ አበጋዝ ከክሊኒክ ተመልሶ ያበጠ ቀኝ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሏል፤ ባለቤቱ ትርንጎ ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ሰው ፊት ነው ብላ የዋጠችው ንዴት ገና አልበረደላትም።

አበጋዝ፦ የመኪናውን ቁልፍ አምጪ አልኩ!

ትርንጎ፦ አላመጣም።

አበጋዝ፦ ትርንጎ፣ በሥራዬ አትምጪብኝ። ነገ ንጋት ላይ መናኸሪያ ካልተገኘሁ ስንት ሰው ትኬት ቆርጦ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው!

ትርንጎ፦ ይቅር! ገደል ከሚገባ ሜዳ ላይ ይቅር።

አበጋዝ፦ ምን የሚሉት ሟርት ነው እሱ?

ትርንጎ፦ ሟርት? ትናንት ከአዲስ አበባ ስንመለስ ከኋላህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁም? ልጃችንን ጠይቄ በባሌ መኪና ልመለስ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ! ጣርማበርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬኑን በግራ እግርህ ስትረግጥ አይቼሃለሁ።

አበጋዝ፦ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፍሬን ያወቅሽው?

ትርንጎ፦ ቀኝ እግርህን ከጫማው አውጥተህ ወደ ጎን አጋድመኸው ነበር። ከፊታችን ከሚሄደው ከብት የጫነ መኪና ላይ ልትወጣ ስትል መሪውን ጠምዝዘህ የመንገዱን ጠርዝ ታከክህ። አጠገቤ ሕፃን የታቀፈችው ሴትዮ "ማርያም፣ ማርያም" ስትል አንተ ምን አደረግህ? ሬዲዮውን ጨመርክ!

አበጋዝ፦ ታዲያ ደረስን አልደረስንም? የአንድ ሰው ጥፍር ተነካ?

ትርንጎ፦ አልተነካም። እሱን እንደ ጀብዱ አታውራልኝ።

አበጋዝ፦ ብርድ ነው ብዬሻለሁ። በመኪናው በር ስር የሚገባው ነፋስ ነው እግሬን የመታኝ።

ትርንጎ፦ አሁንም ብርድ! ሐኪሙ እኔ ቆሜ ምን አለህ? "አቶ አበጋዝ፣ ሪህ ነው ብዬ ዓምና ነግሬዎት ነበር እኮ" አላለህም? ዓምና! እኔ ጅሏ ዓመቱን ሙሉ ጨው አሙቄ፣ በጨርቅ ቋጥሬ እግርህ ላይ ሳስቀምጥ ከረምኩ። "ሲያብጥ በረዶ ነው እንጂ ሙቀት አይያዝበትም" ሲለኝ መግቢያ ነው ያጣሁት።

አበጋዝ፦ እሺ፣ ስላደከምኩሽ ይቅርታ። አሁን ቁልፉን።

ትርንጎ፦ ድካሙ መሰለህ የሚያንገበግበኝ? ውሸትህ ነው!

አበጋዝ፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? መናኸሪያ ውስጥ ሪህ ያዘው ሲባል ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? "ጥሬ ሥጋው ተበቀለው" ብለው ነው የሚሳለቁት። የሆዳም በሽታ!

ትርንጎ፦ ሐኪሙ እንደሱ አላለም። በዘርም ይመጣል ነው ያለው። አባትህም እኮ እያነከሱ ነው ያለፉት። ግን ያ ደም ውስጥ የሚበዛው… ምን ነበር ያለው?

አበጋዝ፦ ዩሪክ አሲድ።

ትርንጎ፦ ስሙን ሸምድደኸዋል እኮ! እሱ ሲበዛ መጋጠሚያው ውስጥ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ይጠጥራል አለ። አንተስ ምን ታደርጋለህ? ምሳ ላይ መኪናውን የምታቆምበት ሆቴል ሰው ስላመጣህለት ዱለቱን፣ ጥሬ ሥጋውን ያቀርብልሃል። ማታ አዲስ አበባ ስትገባ ደግሞ ቢራ!

አበጋዝ፦ ታዲያ የሹፌሮች ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ጎመን ልዘዝ?

ትርንጎ፦ ብታዝ ምን ትሆናለህ? ሽሮ ብትበላስ?

አበጋዝ፦ ሽሮም ምስርም ክልክል ነው ብሎኛል ጌጡ።

ትርንጎ፦ ጌጡ ሹፌር ነው ሐኪም? ሐኪሙን እኔው ራሴ ጠይቄዋለሁ። "ሽሮው አያስቸግረውም፤ ጉበትና ኩላሊት፣ ጥሬ ሥጋ፣ ቢራና ለስላሳ ይቅርበት" አለኝ። ውሃ ይጠጣም አለ። ትጠጣለህ?

አበጋዝ፦ ውሃ ከጠጣሁ በየኩርባው ልቆም ነው? መንገድ ላይ ሽንት ቤት የት አለና!

ትርንጎ፦ ቁም! ሕዝቡም አብሮህ ይውረድ፤ ይመርቅሃል እንጂ አይረግምህም።

አበጋዝ፦ ዓምና ያዘዘልኝን ክኒን ግን ውጫለሁ። እሱን እንኳ አትካጂኝ።

ትርንጎ፦ ሕመሙ ሲተውህ ወረወርከው እንጂ! ባያምህም በየቀኑ ነው የሚዋጠው ተብለሃል። አንተ ግን ሲብስብህ ያገኘኸው ቦታ ገብተህ ማስታገሻ መርፌ እየተወጋህ ትነዳለህ። ኩላሊትህን ልትጨርሰው ነው አለ ሰውዬው፣ ሰምተሃል?

አበጋዝ፦ ሰምቻለሁ! ጆሮዬን አላመመኝም!

ትርንጎ፦ በቃ። እንካ ቁልፍህን።

አበጋዝ፦ ምን?

ትርንጎ፦ እንካ! ጫማህም ይኸው። እሱን አጥልቀህ እስከ በሩ ከሄድክ ቃል አይወጣኝም።

አበጋዝ፦ ምን ያቅተኛል! አምጪው ወዲህ… እእህ! እናቴ!

ትርንጎ፦ ምነው?

አበጋዝ፦ ዝም በይ! ካልሲው ነው… ካልሲው ጠቦኝ ነው።

ትርንጎ፦ አንሶላ ሲነካህ ስትጮህ አድረህ ካልሲው ጠቦ ነው ትለኛለህ?

አበጋዝ፦ ደስ አለሽ አይደል? ይበልሽ! ከመሪ ላይ ከወረድኩ እኔ ምንድን ነኝ? እዚህ ተቀምጬ ከጓሮ ዶሮ ላባርር? የመኪናው ባለቤት አንዴ ሌላ ሹፌር ከቀጠረ መልሶ የሚጠራኝ ይመስልሻል?

ትርንጎ፦ መሪውን ተው ማን አለህ? እብጠቱ እስኪወርድ እረፍ፣ አፍህን ያዝ፣ ቦርጭህን ቀንስ፣ ሲሻልህ በእግርህ ወክ አድርግ፣ ክኒንህን አታቋርጥ፤ ከዚያ እንደ ሰው ትነዳለህ ነው የተባልከው። እኔን የሚያሳብደኝ እኮ ይሄ ነው! ይህን ያህል ቀላል ነገር…

አበጋዝ፦ ቀላል? ትናንት እዚያ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሆንኩ አታውቂም።

ትርንጎ፦ አይቻለሁ አልኩህ።

አበጋዝ፦ አላየሽም! ግራውን ነው ያየሽው። መጀመሪያ በቀኙ ነው የሞከርኩት። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው፤ ርገጥ እለዋለሁ፣ እምቢ አለኝ። መኪናው ይወርዳል፣ የከብቶቹ ጭራ ይታየኛል፣ እግሬ ግን እዚያው ነው። ግራውን እስካመጣ ድረስ…

ትርንጎ፦ አበጋዝ!

አበጋዝ፦ ሬዲዮውን የጨመርኩት ስጮህ እንዳትሰሙኝ ነው።

ትርንጎ፦ እና ይህን እያወቅክ ነው ነገ ልሂድ ያልከኝ? አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭነህ? ሰው አይደለህም አንተ?

አበጋዝ፦ ስልኬን አቀብዪኝ።

ትርንጎ፦ ማን ጋ ልትደውል?

አበጋዝ፦ አቀብዪኝ አልኩ!… ሃሎ፣ አቶ ይመር። አበጋዝ ነኝ። መኪናዎን ነገ የሚያወጣ ሹፌር ይፈልጉ… አይ፣ ትንሽ እግሬን ብርድ ቢጤ መትቶኝ ነው።

ትርንጎ፦ አታፍርም!

አበጋዝ፦ እሺ፣ አሜን… አዎ፣ ከነገ ወዲያ እወጣለሁ።

ትርንጎ፦ በየትኛው እግርህ?

አበጋዝ፦ ይቆዩ አቶ ይመር፣ አይዝጉት። ከነገ ወዲያም አልወጣም። ብርድ አይደለም፤ ሪህ ነው። ትናንት በእርስዎ መኪና ያን ሁሉ ሕዝብ ጭኜ ቁልቁለት ላይ ፍሬን መርገጥ አቅቶኝ ነበር።