ሐኪም ቤቱን ማዶ ያሻገረው ጠያቂ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው «እፈልጋለሁ» ብሎ አፉን አይከፍትም ነበር፤ ነውር ነዋ! ሲሰጡህ «አይ፣ ይቅርብኝ» ትላለህ፣ ሰጪው «በሞቴ!» ይልሃል፣ ደግሞ «አይሆንም» ትላለህ፣ ደግሞ «አፈር ስሆን!» ይልሃል፣ ታዲያ ያኔ ትቀበላለህ። ይህን የማያውቅ ሰው አለ?

እና በጃንሆይ ጊዜ አንድ በጋ ከሰቆጣ የመንግሥት ሰው መጣ፣ ኮት የለበሰ። «የሕዝብ ሐሳብ ልጠይቅ ተልኬ ነው» አለ። ሐኪም ቤት ሊሠራ ነው፣ ከወንዙ ወዲህ እኛ ዘንድ ይሁን ወይስ ማዶ፣ ሕዝቡ ይምረጥ ተብሏል። ታዲያ ሰብስቦ ቢጠይቀን ምን ነበረበት! በስብሰባ አንተ ለራስህ አትናገርም፣ ጎረቤትህ ይናገርልሃል። እሱ ግን በየደጁ፣ ለብቻ ለብቻ!

እኔ ዘንድ መጣ። «እመት፣ ሐኪም ቤቱ የት ይሁንልዎ?» አለኝ በዚያ በለሰለሰ አንደበቱ። እኔም እንደ ወጉ፣ «ኧረ ለእኛ ምን ሲደረግ፣ ለማዶዎቹ ይሁን» አልኩ። «በሞቴ» እንዲለኝ እጠብቃለሁ፣ ሰምታችኋል? እጠብቃለሁ! እሱ እቴ! «ማዶ» ብሎ ጻፈና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ። የእናቱን «በሞቴ» እየበላ ያላደገ ይመስል! ጎረቤቴም «ለማዶዎቹ» ብላለች፣ ቄሱም «ለማዶዎቹ» ብለዋል። ማዶዎቹን መጠየቅም አላስፈለገው፣ እኛው መርቀን ሰጠናቸው።

ታዲያ ሐኪም ቤቱ ማዶ ተሠራ። በክረምቱ እህቴን ምጥ ያዛት፣ በቃሬዛ ተሸክመናት ብንደርስ ወንዙ ሞልቷል። የሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ ወዲያ ማዶ ይታየናል፣ እሷ ትጮኻለች፣ እኛ ቆመናል። እሷን ማርያም አተረፈቻት፣ ልጇን ግን ቀበርነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል!

ዓመቱ ዞሮ ያው ሰውዬ መጣላችሁ! «ሕዝቡ በሐኪም ቤቱ ደስ ብሎታል ወይ?» ሊል! በእግሩ ሲመጣ ውሎ ከንፈሩ ደርቋል። እንግዳ ነውና ገበታ አቀረብኩለት። «ይብሉ» አልኩት።

«ኧረ አይቸገሩ፣ በልቻለሁ እኮ» አለ፣ ዓይኑ ግን ከእንጀራው አልተነሳም። «በሞቴ» እስክለው ይጠብቃል!

«እሺ» ብዬ ገበታውን አነሳሁት።

«ምነው እመት?» አለ ደንግጦ።

«በልቻለሁ አሉኝ፣ ያሉኝን ያዝኩ። እርስዎስ ያልነውን አይደል የያዙት?»

ይኼኔ እህቴ ከጓዳ ወጣች፣ ገበታውን ከእጄ ተቀበለችና ፊቱ አኖረችው። «በሞቴ፣ ይብሉ» አለችው። እሷ! ልጇን የቀበረችው!

እና በላ። አንድ ጊዜ ነው ያለችው፣ ያ ጨዋ ሁለተኛ እንኳ አላስለመናትም! (ሳቅ)