ጉልበት ሌላ፣ ዘር ሌላ

ዐብዱልጀባር ቴፒ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሲሥቅ ሱቁ ይናጋል። ሚስቱን ሳሊሀን ይወዳታል፤ ነገር ግን ልጅ አልወለዱም። ዘመድ ሲጎተጉተው ከርሞ ሁለተኛ ሚስት ሊያጭ ወደ ሚዛን ተፈሪ ተሳፈረ። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ከሚገፉት መካከል የጎረቤቱ ልጅ ሻሚል ነበር፤ ተምሮ የጤና መኮንን ሆኗል።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው እንዲህ አምሮብዎት?»

«ሚስት ላጭ ነዋ! ሳሊሀ መውለድ አልቻለችም።»

«እርስዎስ ተመርምረዋል?»

ዐብዱልጀባር ደረቱን ደቃ። «እኔ? ኩንታል ቡና ብቻዬን የምሸከም ሰው!»

«ጉልበት ሌላ፣ ዘር ሌላ ነው ጋሼ። ቅጠሉ ለምልሞ ፍሬ የማይዝ ቡና አላዩም?»

«ጉድለቱ ከእኔ ከሆነ አገር ሊሥቅብኝ?»

«እስከ ዛሬ በእትዬ ሳሊሀ ላይ ሲሥቅ አልነበረም?»

ዐብዱልጀባር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጭቃ ጠረገ። ወንድ ልጅ ጥርሱን ሲያመው ለሐኪም አፉን ይከፍታል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አፉን ዘግቶ ሚስቱን ያሳማል።

«ለሕክምናው ብለው የሌላ ሰው ዘር ቢያመጡብኝስ? ሐራም ነው!»

«የራስዎን እንጂ! ዘሩ ጥቂት ወይም ደካማ ከሆነ፣ ጠንካራውን ለይተው ወደ ሚስትዎ ማህፀን ያስገቡታል። ያ ካልበቃም ከሚስትዎ እንቁላል ጋር ከማህፀን ውጭ አገናኝተው የሚመልሱበት ዘዴ አለ። ሼሁንም ይጠይቁ። ሁልጊዜ ይሳካል ግን አልልዎትም።»

ነጋዴ የዕቃውን ጉድለት ቀድሞ የሚናገር ሰው ያምናል። አውቶቡሱ ከጭቃው ሲወጣ ዐብዱልጀባር አልተሳፈረም፤ ወደ ቴፒ በሚመለስ መኪና ቤቱ ገባ።

«ሳሊሀ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። እኔ ልቅደም።»

«እኔ ስንቱን መራራ ሥር ስጠጣ፣ አንተ አንዲት ምርመራ ፈርተህ ኖሯል!» አለችው፤ ዕንባዋን እየጠረገች ሣቀች።

ሲመረመሩ ጉድለቱ ከእሱ ሆነ። ሼሁ «የባልና የሚስት እስከሆነ ድረስ ሂዱ» ብለው መረቋቸው፤ ለሕክምናው አዲስ አበባ ወጡ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ዐብዱልጀባር «በቃን» ሲል ሳሊሀ እምቢ አለች። ቀጥሎ የተሞከረው ያዘ፤ ዐፊፋ ተወለደች።

ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ሳይገዙ ሱቁ የሚገቡ ወንዶች በዙ። ግራ ቀኙን አይተው፣ «ምርመራው ያማል እንዴ?» ብለው ያንሾካሹካሉ።

ዐብዱልጀባር ማንሾካሾክ አይሆንለትም። «አያምም!» ይላል መንገደኛ እስኪሰማ። «ባልና ሚስት አብረው ከተመረመሩ ሐሜቱ ይቀራል፣ ጊዜ አይባክንም፣ ትዳር አይፈርስም። የሚያመውስ፣ ያለ ጥፋቷ ስታለቅስ የኖረች ሚስትህን ቀና ብለህ ማየት ነው!»