ቻርጅ ላይ ያለው ስፒከር

(አዳማ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ የጋሽ ተክሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፤ ደንበኛዋ ጎረቤታቸው አስካለ ናት።)

አስካለ፦ አልሸጥም ማለት ምን ማለት ነው፣ ጋሽ ተክሉ? የጠየቅኩዎት ስፒከር ነው፣ ኩላሊትዎን አይደለም!

ተክሉ፦ አልሸጥም አላልኩም። ዛሬ ይቅርብሽ ነው ያልኩት።

አስካለ፦ እሁድ እኮ የልጄ የሱራፌል ቀለበት ነው! የጅቡቲ ጭነቱን አራግፎ እስኪመጣ ሁሉን ላሰናዳ ብዬ ነው። ይሄ ስንት ሰዓት ይሠራል?

ተክሉ፦ ካርቶኑ አሥራ ሁለት ይላል። አትመኚው፣ አራትም አይሞላ።

አስካለ፦ ዝናብ ቢመታውስ?

ተክሉ፦ ውሃ አያስገባም ይላሉ። እኔ አላጠመቅኩት፣ ምን አውቃለሁ።

አስካለ፦ ከስልክ ጋር በስንት ሜትር ይገናኛል?

ተክሉ፦ ብሉቱዙ አሥር ሜትር ነው። ግድግዳ መሐል ከገባ ይንተባተባል። ከፍ ስታደርጊውም ድምፁ ይሰነጠቃል።

አስካለ፦ ለነየሺ ሲሸጡላቸው «የሞተ ይቀሰቅሳል» ብለው አልነበር?

ተክሉ፦ ብዬ ይሆናል። ነጋዴ የማይለው ምን አለ። የሞተ የሚቀሰቅስ ዕቃ የለም፣ አስኩ።

አስካለ፦ ነጋዴ የራሱን ዕቃ ሲያማ ዛሬ ገና አየሁ! እሺ፣ ያ ትልቁስ? ቻርጅ ላይ የሰኩት፣ ባለ ማይክራፎኑ?

ተክሉ፦ እሱ የተያዘ ነው።

አስካለ፦ ማን ያዘው?

ተክሉ፦ ዕድሩ። ለፋፊያችን አረጀ፣ ጥሩምባው ትንፋሹን ጨረሰበት። ከእንግዲህ በዚህ ይልፈፍ ተባለ።

አስካለ፦ እስከየት ይሰማል?

ተክሉ፦ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ባቡር ሐዲዱ። ዝናብም አይበግረው።

አስካለ፦ ይኸው፣ ይሄን አላሙትም! ለእሁድ ብቻ ያውሱኝ።

ተክሉ፦ አይሆንም። ነገ ማለዳ ይፈለጋል።

አስካለ፦ ማን ሞቶ? እኔ ምንም አልሰማሁም።

ተክሉ፦ አንቺ፣ ምሳ በልተሻል?

አስካለ፦ ምን አሉኝ?

ተክሉ፦ እህል ቀምሰሻል ወይ? ከስተሻል። እስቲ ጓዳ ግቢና ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ቅመሽ።

አስካለ፦ ጠዋት የሺ ፍትፍት ይዛልኝ መጣች። ዓመት ሙሉ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ቀትር ላይ የዕድሩ ዳኛ ሚስት መጥታ፣ ሳህኑን ሳልጨርስ አልሄድም አለች። አሁን ደግሞ እርስዎ።

ተክሉ፦ ጎረቤት ቢጠያየቅ ምን አለበት?

አስካለ፦ አምና ወይንሸት መርዶዋ ሊነገራት ሲል፣ ዋዜማውን በግድ ያጎረሳት ማን ነበር? እኔ ነኝ። «ለነገ ጉልበት ይሁናት፣ አብሊያት» ብለው የላኩኝስ እርስዎ አይደሉም?

ተክሉ፦ አስካለ...

አስካለ፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። የእናንተን ፍትፍቱ አወጣው።

ተክሉ፦ ነገ ይደርሳል፣ እባክሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አስካለ፦ የልጄ ስልክ ሦስት ቀኑ ከተዘጋ። በረሃ ነው፣ ኔትወርክ የለም እያልኩ ራሴን ሳታልል ሰነበትኩ። ጓደኞቹም አያነሱልኝም። ንገሩኝ እንጂ!

ተክሉ፦ እኔ ብቻዬን አፍ የለኝም። ሽማግሌዎቹ ነገ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ወጉ ነው። ዛሬን እንኳ ተኝታ ትደር ብለን ነው፣ አስኩ። ሌላ ምን ልንሰጥሽ እንችላለን?

አስካለ፦ እኔ ቀለበቱን ሳሰላ፣ እናንተ እንቅልፌን ትጠብቁልኛላችሁ?

ተክሉ፦ ተቀመጪ። እባክሽ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጪ።

አስካለ፦ አልቀመጥም። ያንን ነገር ከሶኬቱ ይንቀሉና ማይኩን ይያዙ፣ ጋሽ ተክሉ። ነገ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማውን ስም፣ ዛሬ እኔ እናቱ አስቀድሜ ልስማው።