የሐጂ አምፕሊፋየርና የሲኒማ ቤቱ ስፒከሮች
«አጥፋው!» ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት። የጎረቤቴ የሐጂ ልጅ ሠርግ ነው፤ ጭፈራው ሳይሞቅ ተቋረጠ። ቴክኒሻኑ ሁለቱን የድሮ የሲኒማ ቤት ስፒከሮች፣ ሐጂ ከጅቡቲ ባስመጡት አዲስ አምፕሊፋየር አንድ ቀዳዳ ላይ ጎን ለጎን አስሯቸዋል።

«አባባ፣ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይችላሉ?» አለኝ ቴክኒሻኑ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አልችልም። እስቲ ክዳኑን ንካው።»

ነካውና እጁን ሰበሰበ። ሁለቱ ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ ከአቅሙ በላይ ስለሚስቡ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ነበር። ምድር ባቡር ስሠራ የፉርጎ አምፖሎችን አያይዝ እንደነበረው፣ አንዱን ስፒከር ከሌላው አስከትዬ ቀጠልኩት። ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ እንጂ ሰዓት እላፊው እስኪቃረብ ተጨፈረ፤ ክዳኑም አልጋለም። ሰው ሲበተን ቴክኒሻኑ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ ልጻፈው።»